አስተዳደግና ድባቴ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) በጻፍኩ ቁጥር በብዛት የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ስለ ልጅነት ናቸው። አንዳንዱ ስለ ራሱ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ልጆቹ ይፈራል። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቴ ድሮ አልፏል። አሁን 35 ዓመቴ ነው። እንዴት ዛሬ መጥቶ ያሳምመኛል?

ያለፈው ጊዜው ነው። ሰውነት የለመደው ነገር ግን አብሮ ያድጋል።

ሕፃን ልጅ ሲደነግጥ ራሱን በራሱ ማረጋጋት አይችልም። ልቡ ይመታል፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይለቀቃል፣ ያለቅሳል። ከዚያ አንድ ሰው ያነሳዋል። ታዝሎ እሹሩሩ ሲባል ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ሰውነቱ ድንጋጤ እንደሚመጣ፣ ግን ደግሞ እንደሚያልፍ ይለምዳል። የሚያነሳው ሰው ከሌለስ? ወይም የሚያስደነግጠው ያው የሚያነሳው ሰው ከሆነስ? ያን ጊዜ መደንገጥን እንጂ መረጋጋትን አይለምድም።

ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒ የተባሉ ተመራማሪ ይህን በአይጦች አጥንተዋል። አንዳንድ እናት አይጥ ልጆቿን ደጋግማ ትልሳለች፣ አንዳንዷ ብዙም አትነካቸውም። በደንብ የተላሱት አድገው ሲጨነቁ ቶሎ ይረጋጋሉ። ያልተላሱት ላይ ጭንቀቱ ይቆያል። «ታዲያ በዘር ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎቹም ጠርጥረው ልጆቹን አቀያየሯቸው። ከማትልስ እናት ተወልደው የምትልስ እናት ያሳደገቻቸው፣ ባሕሪያቸው እንደ አሳዳጊያቸው ልጆች ሆነ።

ሰው አይጥ አይደለም፣ እሺ። ግን በ2000 ክርስቲን ሃይምና ቻርልስ ኔመሮፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት በሰው ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ሴቶች በሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉና ቁጥር በቃላቸው እንዲያሰሉ ተደረገ። በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የጭንቀት ሆርሞን ከሌሎቹ በላይ ከፍ አለ። ከጥቃቱ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፣ ሰውነታቸው ግን ገና ዘብ ላይ ነው።

እስካሁን ያልኩት በሰውነት በኩል ያለውን መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሐሳብ ነው። ልጅ ነገሩን ሁሉ ወደ ራሱ ይወስዳል። አባት ሰክሮ ሲገባ ልጁ «አባዬ የመጠጥ ችግር አለበት» አይልም። «ምን አጠፋሁ?» ነው የሚለው። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። «እኔ አልረባም»፣ «ሰው መጨረሻው ይተወኛል» የሚል እምነት በልጅነት ይቀመጣል። ለዓመታት ድምፁ ሳይሰማ ይቆያል። ሥራ ሲጠፋ ወይም ትዳር ሲፈርስ ይነሳል። ስለዚህ በ35 ዓመት መምጣቱ አይገርምም።

ከባድ ልጅነት ያሳለፈ ሁሉ ድባቴ ይይዘዋል ማለት ነው?

ኧረ አይደለም። ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይፈርድበትም።

ዕድሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚያሳየው ዝነኛው ጥናት የቪንሰንት ፌሊቲና የሮበርት አንዳ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠየቁ። ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ስድብና ማዋረድ፣ እናት ስትደበደብ ማየት፣ ቤት ውስጥ ጠጪ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ መኖር፣ የመሳሰለው። በ1998 በወጣው የመጀመሪያ ውጤት፣ ከእነዚህ 4 ዓይነትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ ድባቴ የመያዝ ዕድላቸው 4 እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ። ራስን ለማጥፋት የመሞከሩ ዕድል ደግሞ 12 እጥፍ ነበር።

አስፈሪ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ግን ሐዋይ ውስጥ ያለችውን የካዋይ ደሴት ላምጣ። ኤሚ ወርነር በ1955 በደሴቲቱ የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። ድህነት፣ የታመመ ወይም ጠጪ ወላጅ፣ የቤት ውስጥ ጠብ ተደራርቦባቸው ካደጉት ሲሶ ያህሉ ጤነኛ፣ ሥራ ያላቸው፣ ትዳር ያላቸው ሰዎች ሆኑ። እነዚህ ልጆች ምን ነበራቸው? ብዙዎቹ ከወላጅ ውጭ እንኳ ቢሆን ከልቡ የሚቀርባቸው አንድ ሰው ነበራቸው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ።

እኔ ስለዚህ ርዕስ ሳነብ ሁልጊዜ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። «ምን ደረሰበት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ከዚያ በኋላ ማን አቀፈው?» የሚለው ግን የበለጠ ይነግረናል።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን የ10 ጥያቄ መመዘኛ ሞልቼ 6 አገኘሁ። አለቀልኝ?

አላለቀልሽም። ያ ስለ ልጅነት ጉዳት የሚጠይቀው መመዘኛ ከፌሊቲና ከአንዳ ጥናት የመጣ ነው፤ የተሠራውም የብዙ ሺህ ሰዎችን ሁኔታ በጅምላ ለማየት ነው። ሮበርት አንዳ ራሳቸው በ2020 ከባልደረቦቻቸው ጋር በጻፉት ጽሑፍ፣ ነጥቡ የአንድን ሰው ዕጣ ለመተንበይ እንዳይውል አስጠንቅቀዋል። አንድ ጊዜ የሆነውንና ለዓመታት የቀጠለውን አይለይም። ያቀፈሽንም ሰው አይቆጥርም።

እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?

ይህ ጥያቄ ሳይሆን መልስ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም በሳቅ። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ቀበቶ፣ አለንጋ፣ መንበርከክ። በበርበሬ የታጠነም አለ። ሰርግ ቤት ወይም ለቅሶ ቤት ተሰብስበን እንደ ቀልድ እንነጋገረዋለን።

እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ምንም አልሆነም። የተቆነጠጠው ፍቅር ባለበት ቤት ነው። ጥፋቱን ያውቃል፣ ቅጣቱ ያልቃል፣ ማታ አንድ መሶብ ይቀርባል። ይህ ልጅ ከማይገመት አባት ጋር ካደገው ጋር አንድ አይደለም። የማይገመት ስል፣ የበሩ ቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚልበትን ማለቴ ነው። ልጆቹ ከእርምጃው ብቻ ዛሬ ጠጥቷል አልጠጣም ብለው ያውቃሉ።

ሌላው ግን «ምንም አልሆንኩም» ይበል እንጂ ሆኗል። ወንድ ላይ ድባቴ ሁልጊዜ በዕንባ አይመጣም። በቁጣ ይመጣል። ከሥራ በኋላ ቤት ከመግባት ግሮሰሪ ማምሸት ይሆናል። ከልጆቹ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አለመኖር ይሆናል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ሰው መጨነቁን በምን ቋንቋ ይናገረው?

ጥናቱን በተመለከተ፣ በ2016 ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሪው ግሮገን ኬይለር ከ160,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመዋል። ያዩት በመዳፍ መምታትን ነው፣ ከባድ ድብደባን ሳይሆን። እሱ እንኳ ከተሻለ ባሕሪ ጋር አልተያያዘም። ከበለጠ ጠብ አጫሪነትና ከበለጠ የአእምሮ ጤና ችግር ጋር ነው የተያያዘው። ልዩነቱ ትልቅ አልነበረም፣ ይህንንም አልደብቅም። ግን አቅጣጫው አንድ ነው። የኛም ሕገ መንግሥት በኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አርጩሜው ግን ገና ከየክፍሉ አልወጣም።

እኔን ማንም አልመታኝም። ጥሩ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፣ የጎደለብኝ የለም። ታዲያ ለምን?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ጥያቄውን ራሱ የሚጠይቁት እያፈሩ ነው። «እኔ ምን መብት አለኝ» ይላሉ።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አስቡ። ካርድ ይዛ መጣች። ከ52 ተማሪ 3ኛ ወጥታለች። አባቷ ካርዱን አገላብጦ አየና «የበለጡሽ ሁለቱ ሁለት ጭንቅላት አላቸው?» አላት። ሁለት ጭንቅላት። እሷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። በሚቀጥለው ሴሚስተር 1ኛ ወጣች። «እንዲህ ነው፣ እንዳትወርጂ!» ተባለች። አልተመታችም፣ አልተሰደበችም። ግን አንድ ነገር ተምራለች፦ ፍቅር የሚገኘው በውጤት ነው፣ እሱም ለሚቀጥለው ሴሚስተር ብቻ። ይቺ ልጅ በ32 ዓመቷ ሥራ ላይ አንድ ስህተት ስትሠራ ሦስት ቀን እንቅልፍ አይወስዳትም።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ጎርደን ፓርከር በ1979 ሰዎች ወላጆቻቸውን የሚገልጹበት መጠይቅ አዘጋጁ። ሁለት ነገር ይለካል፤ ሙቀትና ቁጥጥር። ከድባቴ ጋር ደጋግሞ ተያይዞ የተገኘው ሙቀቱ አነስተኛ፣ ቁጥጥሩ ግን ጥብቅ የሆነበት አስተዳደግ ነው። ስልኳ ይፈተሻል፣ ጓደኞቿ ይመረጡላታል፣ የምታጠናው ይወሰንላታል። «ምን ተሰማሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን የለም።

ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ከድባቴ ጋር በጣም የጠበቀ ግንኙነት የሚታየው በቃል ማዋረድና በስሜት መተው ላይ ነው። ከአካል ድብደባ እንኳ ይበልጣል። ድብደባ ምልክት ይተዋል፣ ጎረቤት ያያል። ያልተባለ «ጎበዝ» ግን ምስክር የለውም።

እናቴ ዓረብ አገር እያለች አያቴ ነች ያሳደገችኝ። ይህ ይቆጠራል?

ይህ ጥያቄ ከሁለት ወገን ይመጣል። ካደጉት ልጆች፣ እና ዛሬ ጅዳ ወይም ቤሩት ሆነው ለልጃቸው ከሚልኩ እናቶች። ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ።

በ1970ዎቹ ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ ደቡብ ለንደን፣ ካምበርዌል ሠፈር የሚኖሩ ሴቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ረዘም ላለ ሰዓት አነጋገሩ። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ነው። ሞት፣ የባል መክዳት፣ ከቤት መባረር የደረሰባት ሴት ሁሉ ድባቴ ውስጥ አትገባም። የሚገቡት እነማን ናቸው? በ1978 ባወጡት ውጤት አራት ነገሮች ጎልተው ታዩ። የልቧን የምታወራው ቅርብ ሰው ማጣት፣ ከቤት ውጭ ሥራ አለመኖር፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆችን ቤት ውስጥ ማሳደግ፣ እና 11 ዓመት ሳይሞላ እናትን ማጣት።

አራተኛውን ያነበበ ሰው ይደነግጣል። ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ቆየት ብለው ከባልደረቦቻቸው ጋር በልጅነታቸው እናታቸው የሞተችባቸውን ወይም ለረጅም ጊዜ የተለየቻቸውን ሴቶች ለይተው አጠኑ። ከማጣቱ ይልቅ ክብደት የነበረው ከዚያ በኋላ የመጣው አያያዝ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷን የተረከባት ሰው ተንከባክቧታል ወይስ እንደ ትርፍ አፍ አይቷታል? በደንብ የተያዙት ላይ ተጋላጭነቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ አያትሽ ሞቅ ያለች ሴት ከነበረች፣ ትልቁን ነገር አግኝተሻል። ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት እየተዘዋወርሽ፣ እየላላክሽ፣ የምትበይው እየተቆጠረብሽ ካደግሽ ግን ይቆጠራል። አዎ፣ በጣም ይቆጠራል።

አሁን ለእናቶቹ። በኛ ሀገር የተለመደ አንድ ነገር አለ። እናት የምትሄደው ሌሊት ነው። ልጁ ተኝቷል። እንዳያለቅስ ተብሎ አይቀሰቀስም። ጧት ሲነሳ «ከረሜላ ልታመጣልህ ሄዳለች፣ ትመጣለች» ይባላል። ልጁ በር በሩን እያየ ይውላል። ነገም እንዲሁ። ማንም ክፉ አላሰበም፣ እሱ ግን ሰው ሳይሰናበት እንደሚጠፋ ተማረ። መተኛት ራሱ የሚያስፈራው ልጅ ይኖራል።

አልቅሶ መሰናበት ይሻላል። የት እንደምትሄጂ፣ ለምን እንደምትሄጂ፣ ማን እንደሚይዘው ለዕድሜው በሚመጥን ቃል ይነገረው። ከተቻለ አሳዳጊው ሰው አይቀያየር። የስልኩ ቀን የታወቀ ይሁን፤ አሠሪዎችሽ የሚፈቅዱልሽ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነም ያቺ ቀን ትታወቅ። ስትደውዪም ገንዘቡ ደረሰ አልደረሰ ከሚለው በፊት ዛሬ ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቂው። ለአሳዳጊዎችም አንድ ልመና አለኝ፦ «ለእናትህ ነግሬ እንዳትልክልህ አደርጋለሁ» የምትለዋን ማስፈራሪያ ተዉአት።

በዘር አይደለም እንዴ የሚመጣው? አጎቴም እንዲህ ያደርገው ነበር።

ዘርም አለበት። የመንትዮች ጥናቶች ተጠቃለው በ2000 ሲቀርቡ፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 37 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ተገምቷል። ቀሪው ኑሮ ነው።

«የድባቴ ጂን ተገኘ» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ግን ጠርጥሩ። በ2003 ኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ተወልደው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል በተደረገላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ አንድ ጂን ከክፉ ልጅነት ጋር ሲገናኝ ድባቴ ያመጣል ብሎ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። በ2019 በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መረጃ ሲፈተሽ ግን አልቆመም። አንድ ብቸኛ ጂን የለም፣ ብዙ ጥቃቅኖች ናቸው። ክፉ ልጅነት ከድባቴ ጋር መያያዙ ግን በየጥናቱ ጸንቶ ቆይቷል።

በሌላ በኩል ደህና አድጎም የሚታመም ሰው አለ። ወሊድ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ሐዘን፣ ሥራ አጥነት ይበቃሉ። ድባቴ ያለበት ሰው ሁሉ ወላጆቹን መክሰስ የለበትም።

ወንድሜ «እንዲህ አልነበረም፣ እያጋነንክ ነው» ይለኛል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

አንድ ቤት ያደጉ ሁለት ልጆች አንድ ልጅነት የላቸውም። የበኩር ልጅ ያየውን የመጨረሻው አላየውም። አባት ሥራ ሳይፈታና ከፈታ በኋላ የተለያየ ሰው ነው።

በ2020 አንድሪያ ዳኔሴና ካቲ ስፓትዝ ዊደም ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ በልጅነታቸው መበደላቸው በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ሰዎችን አድገው አነጋገሯቸው። መዝገቡ እያለ እነሱ ግን በደል ብለው ያልገለጹት ላይ ተጨማሪው የሕመም አደጋ አነስተኛ ነበር። በደሉን ራሳቸው የሚያስታውሱትና የሚናገሩት ላይ ግን ከፍተኛ ሆነ፤ መዝገብ ባይኖር እንኳ። ይህ «ዝም ብለህ እርሳው» ማለት አይደለም። በውስጥህ ዛሬ የሚኖረው ትዝታ ራሱ ክብደት አለው ማለት ነው፣ ሕክምናም የሚሠራው እሱ ላይ ነው። ወንድምህን ማሳመን አይጠበቅብህም።

ድባቴ ይሁን ተራ ሐዘን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልብ የሚከብድ ወይም ምንም ነገር ደስ የማይል ከሆነ። አብረው እንቅልፍ፣ ምግብ፣ አቅም፣ ትኩረት ከተዛቡ። ራስን መውቀስ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ። በኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሄደው ራሴን አመመኝ፣ ጨጓራዬን፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል ብሎ ነው። ላቦራቶሪው ሁሉ ደህና ሲሆን እየደጋገመ ሐኪም ይቀያይራል።

ወላጆቼን ፊት ለፊት ላውራቸው?

እንደ ፈለጋችሁት ነገር ይወሰናል። «ይቅርታ» ለመስማት ብቻ ከሆነ እኔ አልመክርም። ብዙ የኛ ወላጅ ይቅርታ አይልም፣ ዶሮ ወጥ ይሠራልሃል። እሱንም የሚቀበል ይቀበለዋል፣ የማይበቃውም አለ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከማውራት በፊት ማወቅ ይጠቅማል፣ የእነሱን ልጅነት። ዛሬ ዕድሜያቸው በ60ዎቹ ያሉ ወላጆች በቀይ ሽብር ዘመን ጎረምሶች ነበሩ። በኛ አቆጣጠር የ77ቱን ድርቅ፣ ልጅ ከየቤቱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚላክበትን ጊዜ አልፈዋል። ዝም ማለት ነፍስ ያተረፈበት ዘመን ነበር። «አታልቅሺ፣ ዝም በይ» ያለች እናት ምናልባት እሷን ያተረፋትን ነው ያስተማረችው። ይህ በደሉን አያጸዳውም። ግን «ጠልታኝ ነው» ከሚለው የልጅነት ትርጉም ሊያላቅቅ ይችላል።

ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለብቻችሁ አትጋፈጡ። በመጀመሪያ ከምታምኑት ሰው ወይም ከባለሙያ ጋር ሁኑ።

እኔ ራሴ ድባቴ አለብኝ። ልጆቼን እያበላሸኋቸው ነው?

ይህን የምትጠይቅ እናት ሁለት ሸክም ነው የተሸከመችው፣ በሽታውንና ጥፋተኝነቱን። ስለዚህ አጭሩን መልስ ልስጥ፦ ለልጆችሽ ልታደርጊ ከምትችዪው ትልቁ ነገር ራስሽ መታከም ነው።

በግምት አይደለም ይህን የምለው። ሚርና ዋይስማንና ባልደረቦቻቸው በ2006 አሜሪካ ውስጥ ለድባቴ የሚታከሙ እናቶችን ልጆች ተከታትለዋል። በ3 ወር ውስጥ እናታቸው የዳነችላቸው ልጆች የራሳቸው የአእምሮ ሕመም ቀነሰ። እናታቸው ያልዳነችላቸው ልጆች ላይ ግን ጨመረ። ልጆቹ ራሳቸው በዚያ ሕክምና አልተነኩም። የታከመችው እናት ናት።

ልጃችሁ ላይ ከጮኻችሁ ወይም ከመታችሁም ነገሩ አላበቃም። ኤድ ትሮኒክ የተባሉት ተመራማሪ እናትና ሕፃንን በቪዲዮ እየቀረጹ ሲያጠኑ፣ ደህና የሚባሉት እናቶች እንኳ ከልጃቸው ጋር የሚግባቡት ከጊዜው ጥቂቱን ብቻ መሆኑን አይተዋል። ልዩነቱ ሲሳሳቱ መመለሳቸው ነው። ስለዚህ ተመለሱ። ቁጭ ብላችሁ «ቅድም የጮህኩት ደክሞኝ ነው፣ አንተ አይደለህም ጥፋተኛው» በሉት። ክብር አይቀንስም። ልጅ ግን የአባቱን ድካም የራሱ ጥፋት አድርጎ ይዞ አይተኛም።

ያለፈውን መቀየር አይቻልም። ሕክምና ታዲያ ምን ያደርጋል?

ለረጅም ጊዜ «በልጅነቱ የተጎዳ ሰው በሕክምና ብዙም አይሻለውም» ይባል ነበር። 29 ጥናቶችና ከ6,800 በላይ ሕመምተኞች ተገምግመው በ2022 ውጤቱ ወጣ። በልጅነታቸው የተጎዱት ሕመማቸው ሲጀምር የከበደ ነበር። ከሕክምናው ያገኙት ጥቅም ግን ከሌሎቹ አላነሰም።

ሁለት መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። የንግግር ሕክምናው ቅድም ያልኩትን የልጅነት እምነት አውጥቶ ይመረምራል። የግድ ውድ ቢሮ ውስጥ የሚደረግም አይደለም። ኡጋንዳ ገጠር ውስጥ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች የመሩት የቡድን ውይይት በ2003 ውጤቱ ወጥቷል። ከ16 ሳምንት በኋላ ድባቴ ያለባቸው ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ወረዱ። ቡድን ባልተመሠረተባቸው መንደሮች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደታመሙ ነበሩ።

መድኃኒትም አለ፤ እኛ ሀገር ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን የተለመዱ ናቸው። ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። «አሥር ቀን ዋጥኩት፣ አልሠራም» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ተሻለኝ ብሎም ወዲያው አይቆምም፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፤ ሲቆምም ከሐኪም ጋር ቀስ እያሉ ነው። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

የት ልሂድ?

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል ታየ እባላለሁ» ብሎ የሚፈራ ሰው ከአጠቃላይ ሆስፒታል መጀመር ይችላል። በክልል ከተሞች ብዙ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ነርስ አላቸው። ድባቴን ለማከም የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎችም ስላሉ መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለውን ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። በተለይ ስለ ልጅነት የምታወሩ ከሆነ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ አሜሪካ 988፣ እስራኤል 1201፣ እንግሊዝ 116 123 ይደወላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ብቻውን አይደር። አንድ ሰው ይጥራና በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ቤት ውስጥ ያለውን ፀረ ተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ኪኒን ሌላ ሰው ይያዘው።